«ደጋ ስለሆናችሁ አምስት ቀን ይበቃችኋል» ለተባሉ የኪሊማንጃሮ ተጓዦች

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ፣ ታላቁ ሩጫ ላይም በየዓመቱ እሳተፋለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጥር ላይ ኪሊማንጃሮን ለመውጣት አስበናል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት በማራንጉ መንገድ የአምስት ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው በ1,100 ዶላር አቅርቦልናል። ‹እናንተ ደጋ ስለሆናችሁ አምስት ቀን ይበቃችኋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ለፈረንጅ ነው› አለን። እውነት ነው? ዳያሞክስ የሚባለውን መድኃኒትስ መውሰድ አለብን?»

ምላሽ፦

አይበቃም። የተነገራችሁ ነገር አሳሳች የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በማራንጉ መንገድ የመጀመሪያዋ ማደሪያ ማንዳራ 2,720 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ሰው እዚያ ራሱን ሊያመውና እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል፤ እናንተ ግን እንደ ቤታችሁ ትተኛላችሁ። የደጋ ኑሮ የሚሰጣችሁ ጥቅም በአብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል። በማግስቱ የምታድሩበት ሆሮምቦ 3,720 ሜትር፣ በሦስተኛው ቀን የምትደርሱበት ኪቦ 4,720 ሜትር፣ ጫፉ ኡሁሩ ደግሞ 5,895 ሜትር ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ሰውነትም አዲስ ነው።

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ወለልም ሆነ ተራራ ጫፍ ላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ኡሁሩ ላይ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሽን ማፍጠንና ማጥለቅ ነው። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዝቶ ስለሚወጣ የደሙ የአሲድ ሚዛን ይዛባል፤ አንጎልም ይህን ሲያይ ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ችግሩን የሚፈታው ኩላሊት ነው፤ ባይካርቦኔትን በሽንት እያስወጣ ሚዛኑን ያስተካክላል፣ ለዚህም ቀናት ያስፈልጉታል። ሥራው በጉልበት፣ በወኔም ሆነ በጸሎት አይፋጠንም። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እንዲታደር የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። የቀረበላችሁ ጉዞ በሁለት ተከታታይ ሌሊቶች 1,000 ሜትር፣ እንደገና 1,000 ሜትር ያስወጣችኋል።

«ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯችን ከፍታን እንችላለን» የሚለውንም ማጥራት ያስፈልጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተለየ መላመድ አግኝቷል፤ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ግኝቱ ግን ትውልድ ተከትሎ ትውልድ እዚያ ከፍታ ላይ የኖረን ሕዝብ ይመለከታል። ቦሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ጥበቃ በኢትዮጵያዊነቱ ብቻ ይዞ ይሄዳል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው።

ሩጫውም ቢሆን ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። ይልቁንም ጎበዝ ሯጭ ሦስተኛው ቀን ላይ ከመሪው ቀድሞ የሚሄድ፣ ራስ ምታቱን «ድካም ነው» ብሎ የሚደብቅ ሰው ነው። የታንዛኒያ መሪዎች «ፖሌ ፖሌ» (ቀስ በቀስ) እያሉ የሚጎትቷችሁ ለወግ አይደለም፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ትክክለኛው እርምጃ አፍን ዘግቶ በአፍንጫ መተንፈስም ሆነ ሳይቆራረጡ ማውራት የሚቻልበት እርምጃ ነው። የሯጭ ጉልበት የሚጠቅመው ለመጨረሻው ሌሊት ርዝመትና ለቁልቁለቱ ነው።

አሁን የአምስት ቀኑን ጉዞ በሰዓት አስሉት። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ከማራንጉ በር፣ ከ1,860 ሜትር አካባቢ ትነሳላችሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኪቦ ትደርሳላችሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እራት ይቀርባል፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ትቀሰቀሳላችሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጫፍ መውጣት ይጀመራል። በአራተኛው ቀን ንጋት 5,895 ሜትር ላይ እንድትቆሙ ነው የሚጠበቀው፤ ከበሩ ከተነሣችሁ 72 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ከኪቦ በላይ ባለው አሸዋማ ዳገት ላይ፣ በማቅለሽለሽና በራስ ምታት ነው። የእግር ድካም እምብዛም ምክንያት አይሆንም። ድርጅቱ «ብዙ ሰው አስወጥተናል» ካላችሁ የት ድረስ እንደሆነ ጠይቁ። በማራንጉ በኩል የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ላይ የሚደረስበት ጊልማንስ ፖይንት 5,685 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ኡሁሩ ለመድረስ ገና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቀራል። ጊልማንስ ለደረሰ ሰውም የምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ አንዳንድ ድርጅቶች እንደ ሙሉ ስኬት ይቆጥሩታል።

ማራንጉ በስድስት ቀን የተሻለ ነው፤ ሆሮምቦ ላይ ሁለት ሌሊት ይታደራል፣ በመካከሉ ቀን ዜብራ ሮክስ ወደሚባሉት ባለ ጥቁርና ነጭ ሰንበር አለቶች፣ 4,000 ሜትር ገደማ ድረስ ወጥቶ ይወረዳል። ከሆሮምቦ ወደ ኪቦ ያለው የ1,000 ሜትር ዝላይ ግን እዚያው አለ። ድንኳን የማይስማማችሁ ከሆነና በጎጆ ማደር ከፈለጋችሁ ምርጫው ይህ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ መንገዶች የሚታደረው በድንኳን ነው።

እኔ የምመክረው የሰባት ቀን የማቻሜ ወይም የስምንት ቀን የሌሞሾ መንገድ ነው። ማቻሜ በመጀመሪያው ሌሊት ወደ 3,000 ሜትር፣ በሁለተኛው ሺራ ላይ 3,840 ሜትር ያሳድራል። ሦስተኛው ቀን የመንገዱ ቁልፍ ነው፦ ቀን ላቫ ታወር፣ 4,600 ሜትር ላይ ምሳ ይበላል፣ ማታ ወደ ባራንኮ፣ 3,960 ሜትር አካባቢ ተወርዶ ይታደራል። ሰውነት ቀን ላይ ከፍታውን ቀምሶ ሌሊቱን ዝቅ ባለ ቦታ ያገግማል፤ ማራንጉ ይህን ያህል ከፍ ተብሎ የሚወረድበት ቀን የለውም። በማግስቱ የባራንኮ ግድግዳ በእጅና በእግር ይወጣል፤ ገመድ አያስፈልገውም፣ ከፍታ ለሚፈራ ሰው ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከዚያ ካራንጋ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ይታደራል፣ ቀጥሎ ባራፉ 4,670 ሜትር አካባቢ፣ ከዚያ በእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ላይ ባለው ስቴላ ፖይንት በኩል ወደ ኡሁሩ። ማቻሜን በስድስት ቀን የሚሸጡላችሁ የሚቆርጡት የካራንጋን ሌሊት ነው። በዚህ ጊዜ ከባራንኮ እስከ ባራፉ ቀኑን ሙሉ ሄዳችሁ፣ ጥቂት ሰዓት ጋደም ብላችሁ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ጫፍ ትነሳላችሁ። ያንን ሌሊት አታስቆርጡ። ሌሞሾ ከምዕራብ ይነሣል፣ ሺራ አምባ ላይ በዝግታ ያሻግርና ላቫ ታወር አካባቢ ከማቻሜ ጋር ይገጥማል፤ አንድ ተጨማሪ ቀን የሚሰጥ፣ መጀመሪያው ላይ ሰው የማይበዛበት መንገድ ነው። ሮንጋይ በኬንያ ድንበር በኩል ያለ ደረቅ መንገድ ስለሆነ ዝናብ በሚያሰጋበት ወር ይመረጣል። ኡምብዌ ቀጥ ያለና ፈጣን ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አይሆንም።

ሁለቱም መንገዶች ቢያስቸግሯችሁ እንኳ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው የሌለው አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ በገዛ አገሩ 4,000 ሜትር ላይ ወጥቶ መለማመድ ይችላል። በሰሜን ተራሮች ያሉት ማደሪያዎች ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ናቸው፤ ከጨነቅ ተነሥቶ ቧሂት ተራራ፣ 4,430 ሜትር ወጥቶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሦስት ወይም አራት ሌሊት እንዲህ አሳልፎ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ኪሊማንጃሮ መግባት ለሰውነት ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል። የጎንደር፣ ደባርቅ መንገድን ፀጥታ ግን ከመነሣታችሁ በፊት በወቅቱ አጣሩ። እዚያ የማይቻል ከሆነ ባሌ አለ፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትርን ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ወደ ሳነቴ መኪና ስለሚገባ በመጀመሪያው ቀን ወጥቶ ማደር ያጓጓል፤ መጀመሪያ ዲንሾ እደሩ፣ ቀን ሳነቴ ውላችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው እላይ ማደር። መላመዱ ዝቅ ባለ ቦታ በተቆየ ቁጥር ይሟሽሻል፤ ባሌን ኅዳር ላይ ወጥቶ ጥር ላይ መቁጠር ዋጋ የለውም። እንጦጦ ላይ መመላለስ ለእግር ጥሩ ነው፣ ለከፍታ ግን ማደሪያችሁ ያው ከተማው ስለሆነ የሚጨምረው የለም።

ጥር መምረጣችሁ ትክክል ነው። ኪሊማንጃሮ ከጥር እስከ የካቲት፣ እንዲሁም ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ደረቅ ነው፤ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ቀለል ያለው በኅዳር ይመጣል። ጥር ለሰሜንም ለባሌም በጋ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ፈቃድ ማያያዝ ይቻላል። ሐምሌና ነሐሴ ለታንዛኒያው ተራራ ምርጥ ቢሆኑም የኛ ተራሮች ክረምት ላይ ናቸው።

ዳያሞክስ፣ ማለትም አሴታዞላሚድ፣ ኩላሊት ባይካርቦኔትን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ሰውነት በራሱ የሚሠራውን ያፋጥናል እንጂ ሕመሙን አይሸፍንም። ለመከላከል የተለመደው መጠን ለአዋቂ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የ250 ሚሊ ግራሙ እንክብል ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ ማለት ነው። መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ይጀመራል፣ መውረድ ሲጀመር ይቆማል። ጣትና ከንፈር ውርር ማለት፣ ሽንት መብዛት፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም መበላሸት የሚጠበቁ ናቸው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለው፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይነኩት። ሰባት ወይም ስምንት ቀን ከወሰዳችሁና ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ ታማችሁ የማታውቁ ከሆነ የግድ አይደለም፤ ታሞ የሚያውቅ ግን ከመጀመሪያው ይውሰድ። ለማንኛውም ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ያዙት፣ ከጉዞው ሳምንታት በፊትም ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ሞክሩት። የአምስት ቀኑን ጉዞ ለማስቻል ብሎ መዋጥ ግን የተሳሳተ አጠቃቀም ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ደግሞ ሕመም ተሰምቷችሁ ወደ ላይ ለመቀጠል የሚሰጣችሁ መሪ ካለ አትከተሉት፤ እሱ ታማሚ ሲወርድ የሚሰጥ የአደጋ ጊዜ መድኃኒት ነው።

ሦስታችሁም የምትስማሙበት አንድ ሕግ ይኑራችሁ፤ ከመሪው ጋርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ያ የከፍታ ሕመም ነው፤ እዚያው ይታረፋል፣ እስኪተው ድረስ አንድ ሜትር አይጨመርም። ካልተወ ይወረዳል። የሚገድሉት ሁለት ዓይነቶች ምልክታቸው ሌላ ነው። አንጎል ሲያብጥ ሰው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይወላገዳል፤ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምራችሁ የአንዱን እግር ተረከዝ በሌላው ጣት ፊት እያስነካ እንዲራመድ አድርጉት፣ ካልቻለ ፈተናው አልቋል። ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ሰው ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሳሉ እርጥብ ይሆናል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። በሁለቱም ጊዜ ወዲያውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቢያንስ 1,000 ሜትር ይወረዳል፤ ንጋትን መጠበቅ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። መሪው የጣት ኦክስጅን መለኪያ ይዞ ጠዋትና ማታ ቢለካችሁ ጥሩ ነው፣ ግን የቀዘቀዘ ጣት ቁጥሩን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ከተንገዳገደ ሰውየውን እመኑ።

የመጨረሻውን ሌሊት የሚያበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በቱቦ የሚጠጣ የውኃ ከረጢት መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ቱቦው ነው፤ ስለዚህ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ገልበጥ ተደርጎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ ሳይዘጋ ይቆያል። የግንባር መብራቱ መለዋወጫ ድንጋይና ስልካችሁ በውስጥ ኪስ፣ ከገላ ተጠግተው ይሁኑ። ከጥጥ የተሠራ ነገር ላብ ይዞ ስለሚቀር ገላ ላይ አይደረግ። ሁለት ጓንት፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። እንቅልፍ ልብሱ፣ ስሊፒንግ ባጉ፣ ከዜሮ በታች 10 እስከ 15 ዲግሪ የሚችል ይሁን፤ ሞሺ ከተማ ስለሚከራይ መግዛት አያስፈልግም፣ ዚፑን ግን ከመረከባችሁ በፊት እስከ ላይ ዝጉት። ጫማ ግን አትከራዩ፤ ቢያንስ ሁለት ወር የተራመዳችሁበት የራሳችሁ ጫማ ይሁን። የእግር ጥፍር ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፤ ከኡሁሩ እስከ ምዌካ ካምፕ በአንድ ቀን 2,800 ሜትር ቁልቁል ስለሚወረድ ረጅም ጥፍር ጠቁሮ ይነቀላል። ለዚሁ ቁልቁለት ሁለት የመራመጃ ዱላ ያስፈልጋል። ልምምዳችሁም ቁልቁለትን ያካትት፤ ወጨጫን ወይም የረርን 6 ኪሎ ተሸክሞ፣ ቅዳሜና እሑድ በተከታታይ፣ ከአምስት ሰዓት ያላነሰ መሄድ ከጠፍጣፋ ሩጫ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ምግብ ያስጠላል። ቆሎ ትንፋሽ አጥሮ ለማኘክ ያታክታል፤ በሶ በውኃና በስኳር ተበጥብጦ የሚጠጣ መሆኑ እዚህ ላይ ያድናል፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ኪሎ ያህል ያዙ። የጾም ምግብ የምትፈልጉ ከሆነ ምግብ አብሳዩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይነገረው፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ ሞሺ ገበያ ሞልቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መሄድ ግን እዚህ ተራራ ላይ አይሞከርም፤ ጉዞውን ከዐቢይ ጾም በፊት አድርጉት። ውኃ በቀን ከሦስት እስከ አራት ሊትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መጋት የደምን ጨው ያቀጥናል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆንን የምንከፍለው እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ነው። የተለመደው ታሪፍ በቀን 70 ዶላር የፓርክ፣ በሌሊት 50 ዶላር የድንኳን ወይም 60 ዶላር የጎጆ፣ ለጉዞው 20 ዶላር የነፍስ አድን ክፍያ፣ በላዩ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ሊሻሻል ስለሚችል የወቅቱን ጠይቁ። በዚህ ስሌት የአምስት ቀኑ ማራንጉ ለፓርኩ ብቻ 720 ዶላር ገደማ ይወስዳል። ከ1,100ው የሚቀረው 380 ዶላር መሪን፣ ረዳትን፣ አብሳይን፣ ተሸካሚዎችን፣ ምግብንና መኪናን መሸፈን አለበት። የሚጎድለው ከተሸካሚው ደመወዝና ከእናንተ ደኅንነት ላይ ነው የሚወጣው። የሰባት ቀን ማቻሜ ለፓርኩ 955 ዶላር፣ የስምንት ቀን ሌሞሾ 1,100 ዶላር ያህል ያስከፍላል፤ ስለዚህ ሌሞሾን በ1,300 የሚሸጥላችሁ ካለ ሽሹ። የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ሕግ አለ፣ የእናንተ ሻንጣም ከ15 ኪሎ አይለፍ፤ በር ላይ ሲመዘን ቆማችሁ እዩ። የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት ከሚከታተላቸው ድርጅቶች አንዱን መምረጥ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ለሠራተኞቹ ጉርሻ በነፍስ ወከፍ ከ200 እስከ 300 ዶላር ለብቻው አስቀምጡ።

የጉዞ መድን ስትገዙ ውሉ ላይ እስከ 6,000 ሜትር የእግር ጉዞና የሄሊኮፕተር ማውረድ በጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ ብዙ ውል 4,000 ላይ ይቆማል። የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። ሞሺ ቆላ ስለሆነች ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም አማክሩ፣ ተመልሳችሁ ትኩሳት ቢመጣ የት እንደነበራችሁ ተናገሩ። ሌላው፣ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ መሪዎች ግን ከእንግዳ ጋር በፈረንጅ ሰዓት ማውራት ስለለመዱ «ስድስት ሰዓት» ሲባል የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ፈቃዳችሁ አጭር ከሆነና ከአምስት ቀን በላይ ተራራ ላይ መቆየት ካልቻላችሁ ኪሊማንጃሮን ለሌላ ዓመት አስተላልፉት። በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ፣ በአሩሻ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን ሜሩን፣ 4,566 ሜትር፣ በአራት ቀን ውጡ። በጎጆ ይታደራል፣ የመጀመሪያው ማደሪያ ሚሪያካምባ 2,500፣ ሁለተኛው ሳድል ሃት 3,570 ሜትር ላይ ናቸው፤ ይህ ከፍታ ለአዲስ አበባ ሰው በእውነት የሚስማማ ነው። የጫፉ ጠርዝ ጠባብና ገደላማ ስለሆነ በጨለማ ሲወጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ዝናብ ወይም በረዶ ካለም ከጫፉ በታች ካለው ራይኖ ፖይንት ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ካገኛችሁ ደግሞ ሜሩን አስቀድማችሁ፣ አንድ ቀን አርፋችሁ፣ ወደ ማቻሜ በር ሂዱ።